ክርክር፦ አሜሪካ ውስጥ ወደ ትንንሽ ከተሞች የሚገነጠሉት መንገዶች የስቴቱ ይሁኑ ወይስ የካውንቲው (በስቴቱ ሥር ያለው፣ እንደኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር)?

ሳሚ፦ የትራክ ሰዎች፣ ከሃይዌዩ ተገንጥላ ሦስት አራት ማይል ሄዳ አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ የምታልቀዋን መንገድ ታውቋታላችሁ፤ ስፐር የሚሏትን። ነብራስካ ስቴት ውስጥ የምትያዘው በስቴቱ ነው፤ ሕጉ 100 ነዋሪ ያለው ከተማ ሁሉ ከስቴት ሃይዌይ ጋር ይገናኝ ይላል። አይዋ ስቴት ግን ጁላይ 1 ቀን 2003 ወደ 700 ማይል የሚጠጋ መንገድ ለካውንቲዎችና ለከተሞች አስረከበች፤ እንዲህ ያሉት ቁራጮች በዚያ ውስጥ ብዙ ነበሩ። እኔ ከአይዋ ጋር ነኝ። ለ150 ሰው ብሎ ስቴቱ አስፋልት ሲያድስ መኖር የለበትም።

ሄለን፦ ሳሚዬ፣ ሰው ብቻ ቆጠርክ። በቆሎ ሲሰበሰብ የእህል ማከማቻው (ኤሌቬተሩ) በር ላይ የሚሰለፈውን ትራክስ? 80,000 ፓውንድ ይዘን የምንገባው እኛ ነን። አስፋልቱን የሚጨርሰው የአሮጊቷ ፒክአፕ መሰለህ?

ሳሚ፦ እሱ ልክ ነው። ግን ጉድጓዱን ቀድሞ የሚያየው ካውንቲው ነው። በስቴቶቹ ዋና ከተሞች፣ ሊንከን ወይም ዴሞይን፣ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ምን ያውቃል?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ፣ ማየቱን ያያል፤ በምን ይጠግነው? የአይዋ የመንገድ ፈንድ ሲከፋፈል 47.5 በመቶው ለስቴቱ ሃይዌዮች ነው። ለካውንቲ መንገዶች 24.5፣ ከእርሻ ወደ ገበያ ለሚወስዱት 8፣ ለከተሞች 20። ያን 24.5 የሚካፈሉት 99 ካውንቲዎች ናቸው፤ ስንቱን የጠጠር መንገድና ድልድይ ይዘው! ደካማ ተብለው በተመዘገቡ ድልድዮች ብዛት አይዋ ከአሜሪካ ግንባር ቀደም ናት፤ አብዛኞቹ ደግሞ የካውንቲ ናቸው። የክብደት ገደብ የተለጠፈበት ድልድይ ጋ ደርሰህ፣ በጠባብ መንገድ ትሬለር ወደኋላ ስትነዳ ያኔ ስለ ቅርበት ታወራኛለህ።

ብሩክ፦ ነብራስካም ያን ያህል አይመስገን። 100 ሰው ያለው ከተማ ነገ 80 ቢሆንስ? ወጣቱ ሁሉ ትልቁ ከተማ ኦማሃ እየገባ ነው። በነገራችን ላይ የስፐሮቹ ስያሜ ደስ ይለኛል፤ ኤስ ይልና የካውንቲውን ቁጥር ያስከትላል፣ ከዚያ ፊደል። ቁጥሩን የለመደ ሰው የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ሄለን፦ አገር ቤት ያየነው እኮ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2003 ዩራፕ የሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ሲጀመር ቀበሌያችን መንገድ ገባላት፣ ሠርግ ነበር። ጥገናው ለወረዳው ተተወ። ወረዳው ግሬደር የለውም፤ ክረምቱ ትቦውን ይዞት ሄደ፣ ባጃጅ እንኳ ቆመ።

ሳሚ፦ አይዋን ከኛ ወረዳ ጋር? ካውንቲው መሐንዲስ አለው፣ ማሽን አለው፣ የንብረት ግብርም ይሰበስባል። በዚያ ላይ በፈረንጆቹ 2015 የአይዋ የነዳጅ ቀረጥ በጋሎን 10 ሳንቲም ጨምሯል።

ጋሽ ታደሰ፦ የጨመረውም የተከፋፈለው በዚያው ቀመር ነው። ስቴቱ መንገዱን ሲሰጥ ድርሻውን አብሮ በቋሚነት ይስጥ፤ ያኔ አልከራከርም። ያለዚያ ርክክብ ሳይሆን ዕዳ ማራገፍ ነው።

ሳሚ፦ እንግዲያው ቀመሩን ይቀይሩት፤ መንገዱ ግን ወደ ስቴቱ አይመለስ።

ሄለን፦ እሺ፣ እስኪቀየር ድረስ በዚያ ድልድይ የሚያልፈውን ጭነት አንተ ትወስዳለህ?

ብሩክ፦ ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር አሁን ይደውልልሃል ሳሚ 😂