ጥቆማ፦ ተገፍቶ ወደ ቦታው የሚመለስ ፍራሽ ማርቆስ የት ይገኛል?

ባለማርቆስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ ላመጣት ነው፤ ወገቧን ያማታል። ባለፈው ክረምት እኔ ጋ ስትከርም ከአልጋ የምትወርደው ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ፊት እየተንሸራተተች ነበር። ስፖንጁ በዚያው ተጣሞ ቀረ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ደህና ፍራሽ ማን ጋ አለ? ሜሞሪ ፎም የሚሉት፣ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚመለሰው ስፖንጅስ ያዋጣል?

የዳሞት ልጅ፦ ባሕር ዳር ሂድ። ገበያው አጠገብ የማውቀው ሰውየ አለ። የአባቴን ፍራሽ የሸጠ እሱ ነው፣ የእኔንም እሱ ነው። ሌላ ሱቅ እግሬ አይረግጥም።

አዲስ ገብ፦ ከፍራሹ በፊት መጓጓዣውን አስብበት። እኔ ከአዲስ አበባ ገዝቼ በአይሱዙ አስጫንሁ። ጠቅልለው በገመድ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ደጀን ሲደርስ ሦስት ሳምንት ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ስፈታው ገመዱ ያረፈበት እንደ መስኖ ቦይ ጎድጉዷል። «ጠብቅ፣ ያብጣል» አሉኝ። ወር ጠበቅሁ። ቦዩ እስካሁን አለ፤ ጎኔ እዚያ ውስጥ ነው የሚያድር።

ባለአይሱዙ፦ ወንድሜ፣ ሁሉን ነገር ሾፌር ላይ አትለጥፍ። መጋዘን ያቆየው ማን ነው?

አዲስ ገብ፦ ስልክ አላነሳ ያለኝ ማን ሆነና ነው? ስንት ቀን ደወልሁ!

የጎዛምን እናት፦ ልጄ፣ ለእናትህ ስፖንጅ ምን ያደርግላታል? ጠፍር አልጋ አሠራላት። የጥጥ ፍራሽ ጣልበት፣ አጎዛ ደርብበት። ጠፍሩ ሲላላ ይወጠራል። ጥጡ ሲተኛ ተፈቶ ይነደፋል፣ ፀሐይ ይመታል፣ መልሶ ያብጣል።

ጠያቂ፦ የዳሞት ልጅ፣ ሰውየው ዘመድህ ነው እንዴ? ምን ዓይነት ስፖንጅ እንደሚሸጥ እንኳ አልነገርኸን።

የዳሞት ልጅ፦ ሰውየውን እመኑት ነው የምል። ስፖንጁን እሱ ያውቃል።

ፖሊ የተማረ፦ ባሕር ዳር ኬሚካል ምህንድስና ነው የተማርሁ፤ ትንሽ ላስረዳ። ስፖንጅ ፖሊዩሬታን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ረጃጅም ሰንሰለቶች ተጠላልፈው፣ በየቦታው ደግሞ ተቋጥረው ይገኛሉ። ሊጥ አስቡ። የስንዴ ሊጥ ወደ ጎን ስትስበው ይሳባል፣ ስትለቀው ይሰበሰባል። የጤፍ ሊጥ ግን በገፋኸው ይቀራል፤ የሚያያይዘው ግሉተን የለውም። ቋጠሮው ደህና የሆነ ስፖንጅ እንደ ስንዴው ነው። ሲገፋ ሰንሰለቱ ይዘረጋል፣ ሲለቀቅ ቋጠሮው ይመልሰዋል። የሚያዘገየው የሰንሰለቶቹ መፋተግ ነው።

ሜሞሪ ፎም ላይ ይህ ዝግታ ሆን ተብሎ የመጣ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ናሳ ውስጥ ለአውሮፕላን መቀመጫ ተብሎ የተሠራ ነው። ግን ብርድ አይወድም። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ነሐሴ ሌሊት ሰውነት እስኪያሞቀው ድረስ ድርቅ ይላል፣ እናትህ መገላበጥ ይቸግራታል። ደህና ተራ ስፖንጅ ይሻልሃል።

ሱቅ ስትሄድ ልባሱን ገልጠህ ጠርዙን በመዳፍህ ተጭነህ ወደ ጎን ግፋው። እስከ ሠላሳ ቁጠርና ልቀቅ። የመዳፍህ ዱካ ቶሎ ካልጠፋ ተወው። ከዚያ ሚዛን ላይ አውጣው። 2 ሜትር በ1.20፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነውን «ዴንሲቲው 25 ነው» ካሉህ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩቡ 25 ኪሎ ነው ካሉህ፣ 9 ኪሎ መመዘን አለበት። 6 ኪሎ ከሆነ ዋሽተውሃል። ዱቄት ተቀላቅሎበት ክብደቱ የተሞላም አለ፤ ስለዚህ መጀመሪያ መዳፍ፣ ቀጥሎ ሚዛን።

አዲስ ገብ፣ የአንተ ለአንድ ቀን ታስሮ ቢሆን ይመለስ ነበር። ሦስት ሳምንት በቆርቆሮ ሙቀት ሲታፈን ግን ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ ተንሸራተው በአዲሱ ቅርጽ ተደላደሉ።

አዲስ ገብ፦ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። እና አሁን ፀሐይ ላይ ባሰጣው አይመለስም?

ፖሊ የተማረ፦ ጥቂት ሊያብጥ ይችላል። ቦዩ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ገልብጠህ ተኛበት።

ባለማርቆስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ሚዛን ይዤ ነው የምሄድ። እትዬ፣ ጠፍር የሚጠፍር ሰው ግን አሁንም ይገኛል?

የጎዛምን እናት፦ አለ እንጅ ልጄ። የአልጋውን ልክ ብቻ ንገረኝ።

የዳሞት ልጅ፦ ባሕር ዳር ብትሄድ ይሻልህ ነበር።