ስለ አቃቂ ወንዝ የምናስገባው የጋራ የፖሊሲ ሐሳብ፦ ረቂቅ 2 እና የአባላት አስተያየት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውኃ አትክልት የምናለማ አምራቾች ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ በወሰነው መሠረት ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የሚገባው ሐሳብ ተዘጋጅቷል። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛ፣ ከፋብሪካዎች ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ የሚለቀቀው ፍሳሽ የምርመራ ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሁለተኛ፣ የአንድን ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያጸድቀው አካል ፕሮጀክቱን ከሚያስፋፋው መሥሪያ ቤት የተለየ ይሁን። ሦስተኛ፣ የፍሳሽ ደረጃ ሲወሰንና ደንብ ሲወጣ በዚህ ውኃ አትክልት የምናለማ ሰዎች አስቀድመን እንጠየቅ። ግልባጩ ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ለከተማው ግብርና መሥሪያ ቤት እና ጉዳዩ ለሚመለከተው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ይደርሳል። አስተያየት ያለው እስከ ወሩ መጨረሻ ይጻፍ።

የሕግ ኮሚቴ ተጠሪ፦
ሁለተኛው ጥያቄ ያለ ምክንያት የተወረወረ እንዳይመስል መነሻው ይጨመርበት። በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሰነድ የመመርመር ሥልጣን የተሰጠው ለባለሥልጣኑና ለክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባለሥልጣኑ ይህንን ሥልጣን ለዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በውክልና አስተላልፎ ነበር፤ በዚህም በዘርፉ ፋብሪካ እንዲበዛለት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት የዚያኑ ፋብሪካ ሰነድ መርማሪ ሆነ። የምንጠይቀው እንዲህ ያለው ውክልና ዳግመኛ እንዳይሰጥ በሕግ እንዲዘጋ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ የልመና ቃና አያስፈልገውም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲፈጸምም ሕዝቡ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

አባል፣ ከላፍቶ፦
ሦስቱንም ጥያቄዎች አልቃወምም። የምቃወመው ግልባጩን ነው። ለከተማው ግብርና መሥሪያ ቤት ግልባጭ ማድረስ ማለት የምናጠጣው ውኃ የተበከለ መሆኑን በራሳችን ማኅተም ማረጋገጥ ማለት ነው። ነገ ቆስጣችሁና ሰላጣችሁ ይነቀል ቢባል በምን እንከራከራለን? ይውጣልን።

አባል፣ ከአቃቂ፦
ወንዙ መበከሉን የማያውቅ የከተማ መሥሪያ ቤት አለ ብለው ያምናሉ? በአቃቂ ውኃ የሚለማ አትክልት ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች እንደሚገኙበት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጻፉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ዝም ባልን ቁጥር ገበያው ጥፋተኛ የሚያደርገው ፍሳሹን የለቀቀውን ሳይሆን ጎመኑን የተከለውን ነው።

አባል፣ ከላፍቶ፦
ተመራማሪ መጻፉ ሌላ ነገር ነው፤ አምራቹ ራሱ መፈረሙ ሌላ ነገር ነው። ግልባጩ ይውጣ።

የአፈርና ውኃ ባለሙያ አባል፦
ታትመው ከወጡት ጥናቶች የክሮሚየም፣ የእርሳስና የካድሚየም ውጤቶችን በአንድ ሰንጠረዥ አሰባስቤ እንደ አባሪ አቀርባለሁ። እስከ ዓርብ ይደርሳችኋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰንጠረዥ ከመያያዙ በፊት የገበያውን ነገር አስቡበት። ረቂቁ በእጅ ስልክ እየዞረ መሆኑን የሰሙ ቋሚ ተረካቢዎች ከወዲሁ ዋጋ ቀንሱልን ማለት ጀምረዋል። የላፍቶው አባል ስጋት ተራ ስጋት አይደለም። በእኔ አስተያየት ግልባጩ ለቋሚ ኮሚቴው ብቻ ቢደርስ ይበቃል።

አባል፣ ከመካኒሳ፦
ነገሩ ከየት እንደመጣ የምታውቁ ስለሆነ አላረዝምም፤ ሆኖም ይህ ጥያቄ ለምን ለባለሥልጣኑ ብቻ ተብሎ እንደተጻፈ አልገባኝም። የአካባቢ ፖሊሲው በ1989 ዓ.ም. ጸደቀ። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ በካይ እንዲከፍል፣ ተቆጣጣሪም ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ፋብሪካ ገብቶ እንዲመረምር ፈቀደ፤ ለብክለት መከላከያ የሚገባ አዲስ መሣሪያ እንኳ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን አስቦለታል። ከዚያ በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ለነባር ፋብሪካዎች የፍሳሽ ደረጃውን እንዲያሟሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ሰጠ። ጊዜው ያበቃው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ይቆጣጠራል የተባለው ባለሥልጣን ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ፈርሶ በአዲስ ሚኒስቴር ተተክቶ ነበር። ቀጥሎ የሚኒስቴሩ ስም ተለወጠ፤ በ2011 ዓ.ም. ኮሚሽን ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ባለሥልጣን ተባለ። ፋብሪካው ባለበት ቆሞ ሲጠብቅ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛውን እያዛወረ ነበር።

ሌላው እኔን የሚያሳስበኝ የአካባቢ ፖሊሲ የሚሠራው በአካባቢ መሥሪያ ቤት ብቻ አለመሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለበት። ዓላማው ቆዳው እዚሁ አልቆለት እንዲሸጥ፣ የውጭ ምንዛሪውም ከፍ እንዲል ነበር፤ ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን ቆዳ እዚሁ ተሠርቶ ይለቅ ማለት ማቅለሙና ማጠቡም እዚሁ፣ ውኃውም እዚሁ ይቅር ማለት ነው። አዋጅ 299 ፕሮጀክት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ፖሊሲና ሕግ ጭምር በተጽዕኖ ግምገማ እንዲያልፍ ያዛል። የታክስ ሕግ ሲረቀቅ ከወንዙ በታች ያለውን ማሳ ማን ጠየቀው? ሦስተኛው ጥያቄ ይህንን ካልያዘ ባዶ ነው።

አባል፣ ከላፍቶ፦
ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግልባጩስ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የመካኒሳው አባል ያነሡት ሐሳብ በሦስተኛው ጥያቄ ሥር ይገባል። ግልባጩን በተመለከተ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ በረቂቁ እንዳለ ይቆያል።

አባል፣ ከአቃቂ፦
ለምን ድምፅ ያስፈልጋል? ደብዳቤው ከማን ተደብቆ ነው የሚሄደው? ለባለሥልጣኑ የደረሰ ወረቀት ነገ ጠዋት በከተማው ጠረጴዛ ላይ መሆኑ አይቀርም። አንተ ግልባጩን የምትፈራው ከወንዙ ሳይሆን የፍሳሽ ቱቦ ሰብረህ ስለምታጠጣ ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን በማኅበር ስም አትሸፍነው።

አባል፣ ከላፍቶ፦
ይህንን የጻፈው ሰው ማሳዬን ረግጦ አያውቅም። የአባቴን መሬት የማጠጣው አባቴ ባወጣው ቦይ ነው። ማኅበሩ የአባላቱን ስም የሚያስጠብቅ መስሎኝ ነበር መዋጮ የከፈልኩት። ይህ ጽሑፍ ካልተነሣ የላፍቶ አባላት ከፊርማው እንወጣለን።

ገንዘብ ያዥ፦
የላፍቶ አባላት ከወጡ የማኅበሩ መዋጮ ይጎድላል፤ የማኅበሩ ሕልውናም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በአንድ መስመር ግልባጭ ምክንያት ማኅበር ሊፈርስ ነው?

የሕግ ኮሚቴ ተጠሪ፦
ግልባጭ በሕግ ፊት ምንም ክብደት የለውም፤ ውጤት የሚያመጣው ለማን እንደተጻፈና ምን እንደተጠየቀ ነው። ይህንን ሁሉ ቀን የተከራከርንበትን መስመር ብናወጣውም ብናስገባውም ባለሥልጣኑ የሚመልሰው አንድ ነው። የፍሳሽ ውጤት ይፋ ይሁን የሚለው አንደኛው ጥያቄ ላይ ግን እስካሁን ከአንዳችሁም አስተያየት አልመጣም። ይፋ የሚያደርገው ማን ነው? በየስንት ጊዜ? ፋብሪካው ራሱ ለክቶ የሚያቀርበው ቁጥር ነው ወይስ ተቆጣጣሪው የሚወስደው ናሙና? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ናሙናውን ፋብሪካው በሚመርጠው ሰዓት ከቀዳው ሌሊት የሚለቀቀው አይታይም።

አባል፣ ከአቃቂ፦
ስለ ቱቦው የጻፍኩትን አንስቻለሁ። ግልባጩን ግን አላነሣሁም።

አባል፣ ከላፍቶ፦
ተቀብያለሁ። ለሕግ ኮሚቴው ጥያቄ፣ ናሙናው በእኛ ፊት ይቀዳ እላለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዲወጣ እፈልጋለሁ። በእነዚህ የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የአባሎቻችን ልጆች ይሠራሉ። ከኢንዱስትሪው መሥሪያ ቤት ጋር ምን አጣላን? ማን ያጽድቅ፣ ማን ይመርምር የሚለው የመንግሥት የውስጥ ጉዳይ ነው።

አባል፣ ከመካኒሳ፦
የውስጥ ጉዳይ ያሉት ነገር ነው ወንዙን እዚህ ያደረሰው። ተጫዋቹ ዳኛም ከሆነ እኛ ማን ዘንድ እንጩህ?

ገንዘብ ያዥ፦
እርስዎ በመርህ ትክክል ነዎት። ነገር ግን ሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዓመታት ነው፤ እኛ የምንተክለው ለመጪው በጋ ነው። ከዚህ ይልቅ ለምን ንጹሕ ውኃ አንጠይቅም? ለማኅበሩ አንድ የጉድጓድ ውኃ ቢቆፈርልን ከወንዙ እንወጣለን፤ ተረካቢዎችም ይመለሳሉ፤ የግልባጩም ጭቅጭቅ ያበቃል፤ የግብርና መሥሪያ ቤቱም በደስታ የሚያየው ጥያቄ ይሆናል።

አባል፣ ከላፍቶ፦
ይህ ሐሳብ የመጀመሪያው ጠቃሚ ሐሳብ ነው። እንዲህ ከሆነ ግልባጩ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ይጻፍለት።

አባል፣ ከአቃቂ፦
ከአባ ሳሙኤል ግድብ አጠገብ ላለነው አንድ ጉድጓድ አይደርሰንም። የከተማው ፍሳሽ ሁሉ ወደ አዋሽ ከመግባቱ በፊት የሚጠራቀመው እኛ ዘንድ ነው። ጉድጓድ ከተጠየቀ ሁለት ይጠየቅ።

አባል፣ ከመካኒሳ፦
ውኃውን ንጹሕ አድርጉልን ብለን ተነሥተን የተበከለውን ተዉት፣ ለእኛ ሌላ ቅዱልን ልንል ነው? ጉድጓድ ከመንግሥት ስጦታ ነው፤ የሰጠ ሲፈልግ ይዘጋዋል። የምርመራ ውጤት ግን በአዋጅ የተሰጠን መብት ላይ የቆመ ጥያቄ ነው። ከዚህ በላይ አልጨቃጨቅም፤ ልዩነቴ ይመዝገብልኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተመዝግቧል። የአፈርና ውኃ ባለሙያው አባል ሰንጠረዡን ከምን አደረሱት? ዓርብ ካለፈ ቆየ፤ ስልክም አያነሡም። ሰንጠረዡን የሚተካ ፈቃደኛ ካለ ያሳውቅ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ፈቃደኛ ስላልተገኘ አባሪው ቀርቷል። ረቂቅ 3 በአብዛኛው አባላት ስምምነት እንደሚከተለው ተስተካክሏል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለማኅበሩ አባላት ሁለት የጉድጓድ ውኃ ተቋማት እንዲገነቡ ሲሆን፣ ደብዳቤው የሚጻፈውም ለከተማው ግብርና መሥሪያ ቤት ነው። የፍሳሽ ምርመራ ውጤት ይፋ ይሁን የሚለው ሁለተኛ ሆኖ፣ ናሙናው በማኅበሩ ተወካይ ፊት ይቀዳ የሚል ተጨምሮበታል። አስቀድመን እንጠየቅ የሚለው «የውይይት መድረክ ቢመቻችልን» ተብሎ ተቀምጧል። የማጽደቅ ሥልጣንን የሚመለከተው ጥያቄ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል። ግልባጩ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይደርሳል፤ ይህ የመጨረሻ ነው፤ እንደገና አይነሣም።

የሕግ ኮሚቴ ተጠሪ፦
ለባለሥልጣኑ በግልባጭ የደረሰ ወረቀት መልስ የሚጠብቅ አቤቱታ አይደለም፤ ባለሥልጣኑም የመመለስ ግዴታ አይኖርበትም። በአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካዩ ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በሰላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በስልሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የማኅበሩ ደብዳቤ ለጉድጓዱ ይሂድ፤ እኔ በግሌ አቤቱታውን አስገባለሁ። አብሮኝ የሚፈርም ካለ ስሙን እስከ ሐሙስ ይስጠኝ።

አባል፣ ከመካኒሳ፦
እኔ እፈርማለሁ።

አባል፣ ከላፍቶ፦
በግል የሚገባ አቤቱታ የማኅበሩን የጉድጓድ ጥያቄ የሚጎዳ ከሆነ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? ቢያንስ ጉድጓዱ እስኪፈቀድ ይቆይ።

ገንዘብ ያዥ፦
የናሙና ምርመራ ክፍያ በማኅበሩ በጀት አልተያዘም። የጉድጓዱ ጥያቄ ተቀባይነት ካገኘ ለቦታ ጥናቱ ከእያንዳንዱ አባል ተጨማሪ መዋጮ ስለሚሰበሰብ፣ የአቃቂና የላፍቶ ተወካዮች የተጠቃሚ ዝርዝር እስከ ሰኞ ያቅርቡ፤ ከዝርዝሩ የቀረ ሰው በኋላ ቢጠይቅ አይስተናገድም።