ጥቆማ፦ ለትልልቅ የሪሞት አውሮፕላኖች ባትሪ ከመቀየራችሁ በፊት ስዊቹን ለኩት

«ለሪሲቨሩ የትኛውን ባትሪ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚደርሰኝ አንዴ ጠቅልዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ሪሲቨር ማለት አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው ዕቃ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ ባትሪ አትግዙ። መለኪያ ግዙ።

ሪሲቨሩ ላይ ቮልቴጅ ወረደ ማለት ባትሪው አለቀለት ማለት አይደለም። ከባትሪው እስከ ሪሲቨሩ ሽቦ አለ፣ ሶኬት አለ፣ ስዊች አለ፣ አንዳንዱ ላይ ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ የሚያስተካክል ሬጉሌተርም አለ። አንዱ ሲበላሽ ሪሲቨሩ ላይ የሚታየው ምልክት ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ባትሪው ግን ዓይን ውስጥ ስለሚገባና ለመቀየር ስለሚቀል ጥፋቱ ሁሌ እሱ ላይ ይለጠፋል።

እኔም ተሸውጃለሁ። ባለ 50 ሲሲ የቤንዚን አውሮፕላኔ በየበረራው የደረሰበትን ዝቅተኛ ቮልቴጅ በቴሌሜትሪ (ከአውሮፕላኑ ወደ ሪሞቱ በሚላክ መረጃ) ይነግረኛል። 6.6 ላይ ተነስቶ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ሳዞረው 4.9 ይላል። ባትሪ ቀየርኩ፣ 5.0 አለኝ። ተለቅ ያለ ገዛሁ፣ ተመልሶ 4.9። ሦስተኛውን ልገዛ ስል ነው «ቆይ እስቲ» ብዬ ክንፉን አውርጄ መልቲሜትር የያዝኩት።

ያደረግኩትን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ይሄ ነው። አንድ ጓደኛዬ የሪሞቱን ሁለቱንም ስቲክ እንደ እብድ እያሽከረከረ ሰርቮዎቹን (ክንፍና ጅራት ላይ ያሉትን መሪዎች የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች) በሙሉ ባንዴ ያንቀሳቅሳል። እኔ መጀመሪያ ባትሪው አፍ ላይ ለካሁ፦ 6.3። ከዚያ ሪሲቨሩ ላይ ባዶ ቀዳዳ ፈልጌ ለካሁ፦ 5.2። አያችሁ? ባትሪው ጤነኛ ነው፣ 1.1 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። የጠፋው የት እንደሆነ ለማግኘት የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ቀይ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ሪሲቨሩ ቀይ ላይ አደረግኩ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ በአንድ ሽቦ ሁለት ጫፍ መካከል የምታነቡት ቁጥር እዚያ መካከል የተበላው ቮልቴጅ ነው። 0.9 አነበብኩ። ጥቁሩ ላይ 0.2። ቀዩን ደግሞ ቆራርጬ ለካሁት፤ ስዊቹ ብቻውን 0.7 ይበላል! ፈትቼ ሳየው ውስጡ ያለችው ምላስ ጠቁራለች፣ የቤንዚን ሞተር ንዝረት ፈግፍጓታል። አዲስ ስዊች ሳስገባ ሪሲቨሩ ላይ 5.9 ሆነ። በኋላ ሁለተኛ ባትሪ ከራሱ ስዊች ጋር ጨመርኩና 6.2። ሁለቱ ባትሪዎች ግን በከንቱ ተገዙ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 0.1 ኦም ምንም አይመስልም፣ ግን 10 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ይወስዳል። ትልቅ አውሮፕላን ላይ ስምንት ወይም አሥር ጠንካራ ዲጂታል ሰርቮዎች ባንዴ ሲነሱ 10 አምፔር ማለፍ ብርቅ አይደለም። ትንሽ አውሮፕላን ላይ ዓመታት ያገለገለ ስዊች ትልቁ ላይ የሚያዋርዳችሁ ለዚህ ነው።

ወደ መለኪያዎቹ ልምጣ። ሪሲቨሩ ላይ የምትሰካ መብራት ያላት ትንሽዬ ቮልቴጅ ማሳያ አለች። ጥሩ ነች፣ ግን ሰርቮዎቹ ቆመው ሳለ አረንጓዴ ብታበራ አትመኗት። ምንም ሳይሸከም የደከመ የለም፤ ሸክም ላይ ነው የሚታየው። ስለዚህ በራሷ 1 አምፔር ያህል የምትስብ መለኪያ ብታገኙ ያቺን እመርጣለሁ። መልቲሜትር የግድ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ሰርቮዎቹ ሲነሱ ቮልቴጁ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ዘጭ ብሎ ይመለሳል፣ መልቲሜትሩ ያንን ሳያይ ያልፋል፣ ሪሲቨሩ ግን ያየዋል። ዝቅተኛውን ቁጥር የሚይዝ ቴሌሜትሪ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ምርጡ የቮልቴጁን ውጣ ውረድ በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው፤ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ፣ ያለው ሰው ጋ ግን አውሮፕላኑን ይዛችሁ ሂዱ።

ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ነው የሚያስፈራው? ስፔክትረም የተባለው ብራንድ ሪሲቨሮች ከ3.5 ቮልት በታች ከወረዱ ሥራ ያቆማሉ። ቮልቴጁ ሲመለስ ሪሲቨሩ እንደገና መነሳት አለበት፣ እስኪነሳ ድረስ አውሮፕላኑ የማንም አይደለም። ብዙዎቹ ላይ እንዲህ ዓይነት መቋረጥ ከደረሰ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ስለዚህ አርፋችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት መብራቱን እዩት። ስንቱ ሰው ቶሎ አጥፍቶ ማስረጃውን ያጠፋዋል መሰላችሁ። የሌላው ብራንድ የፉታባ ሪሲቨሮች ደግሞ ቮልቴጁ ወደ 3.8 ሲወርድ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው የሚመልስ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነበራቸው፣ እና ሰው «ካርቡሬተሩ ነው» ብሎ ሞተሩን ሲፈታ ይውላል። እኔ ግን 3.5ን አልጠብቅም። መሬት ላይ ስቲኩ ሲሽከረከር ከ5 በታች ካየሁ ያ አውሮፕላን አይነሳም።

አሁን ባትሪዎቹ። ባለ አራት ሴል (አራት ነጠላ ባትሪ የተያያዘበት) 4.8 ቮልት ለትልቅ አውሮፕላን አላስብም፣ አለቀ። ባለ አምስት ሴል ኒኤምኤች (ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ) 6 ቮልት ነው፣ ቻርጅ እንደተደረገ 7 አካባቢ ይደርሳል። ችግሩ የሴሉ መጠን ላይ ነው። እንደ ኤኔሉፕ ያሉት ትንንሾቹ የAA መጠን ሴሎች ቻርጃቸውን ለወራት በመያዝ የሚያህላቸው የለም፣ ለሪሞቱ ተመራጭ ናቸው፤ ብዙ አምፔር ባንዴ ሲጠየቁ ግን ይንበረከካሉ። ኒኤምኤች ከወደዳችሁ ወፈር ያሉትን ሴሎች ያዙ፣ ክብደቱን ቻሉት። አንድ ምልክት ልንገራችሁ፤ ቻርጅ ተደርጎ ካረፈ በኋላ ከወትሮው 1.3 ቮልት ገደማ ከጎደለ አንዷ ሴል ሞታለች። እሱን ጣሉት፣ አታስታምሙት።

እኔ የምጠቁመው ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፣ ላይፍ የምንለው። 6.6 ቮልት ስለሆነ አብዛኛው ለ6 ቮልት የተሠራ ሰርቮ ያለ ሬጉሌተር ይሸከመዋል፣ የሰርቮውን ወረቀት ግን አንብቡ። አንድ ዕቃ ቀነሳችሁ ማለት አንድ የሚበላሽ ነገር ቀነሳችሁ ማለት ነው። ኤ123 የሚባለው 26 በ65 ሚሊ ሜትር የሆነው ወፍራም ሴል 2300 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፣ ጫና ሲበዛበት ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ጉዱ ሌላ ቦታ ነው። ቮልቴጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሞላ ጎደል አንድ ላይ ይቆምና ሊያልቅ ሲል ባንዴ ገደል ይገባል። ስለዚህ በቮልቴጅ ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ አትችሉም። መፍትሔው ከበረራ በኋላ ቻርጀሩ ስንት እንደመለሰ መጻፍ ነው። አራት በረራ አድርጋችሁ 900 ከመለሰ በአንድ በረራ 225 ትበላላችሁ፤ እኔ ግማሽ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ቻርጀራችሁ የላይፍ ምርጫ ይኑረው። በሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ምርጫ ከሞላችሁት 7.2 ላይ መቆም ሲገባው 8.4 ሊወስደው ይሞክራል።

ሊፖና ሊቲየም አዮን ባለ ሁለት ሴል ሲሞሉ 8.4 ቮልት ናቸው። ሰርቮዎቻችሁ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠሩ ከሆኑ ጥሩ፣ በቀጥታ ስኩት። ካልሆኑ ሬጉሌተር ይገባል፣ ምርመራውም ይወሳሰባል። ተራው ሬጉሌተር ትርፉን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፤ 8.4ን ወደ 6 ሲያወርድ በ5 አምፔር 12 ዋት ይሞቃል። አየር የማያገኝ ጥግ ውስጥ ከለጠፋችሁት ሙቀቱ ሲበዛ ራሱን ያጠፋል፣ መሬት ላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ «እኔ ደህና ነኝ» ይላችኋል። ሦስተኛው በረራ ላይ ብቻ የሚመጣ ችግር ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ደግሞ በብርድ ቀን ሊቲየሞች ሁሉ ይለግማሉ፣ ልኬቱን በዚያው ብርድ ውስጥ አድርጉት።

ስዊች ላይ አትቆጥቡ። ከርካሽ ሰርቮ ጋር በነጻ የሚመጣውን ተንሸራታች ስዊች ለመሬት መለማመጃ አድርጉት። ለትልቅ አውሮፕላን ኤሌክትሮኒክ ስዊች ይሻላል፤ በተለይ ቁልፉ ቢቆረጥ እንኳ በበራበት የሚቀረውን ዓይነት ፈልጉ። ፓወርቦክስና ኤምኮቴክ የተባሉት የጀርመን ድርጅቶች ሁለት ባትሪ የሚቀበሉ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን ይሠራሉ። ለ100 ሲሲ አውሮፕላን ያዋጣል፣ ለ30 ሲሲ ሁለት ባትሪና ሁለት ጥሩ ስዊች ለየብቻ ሪሲቨሩ ላይ መሰካት ይበቃል ባይ ነኝ።

ሽቦ ላይ ደግሞ ቁጥሩን እዩ። ባለ 22 ጌጅ (የውፍረት ቁጥር ነው) ሽቦ በአንድ ሜትር 0.05 ኦም ገደማ አለው። ጅራት ድረስ አንድ ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.1፤ 5 አምፔር ቢያልፍ ግማሽ ቮልት ሄደ። ባትሪውን ወደ ሪሲቨሩ ለመውሰድ ወፈር ያለ ሽቦ፣ ለሶኬት ደግሞ ኤክስቲ 30 ወይም የመልቲፕሌክስን አረንጓዴ ሶኬት እመርጣለሁ። ተራው የሰርቮ ሶኬት ያለማቋረጥ 3 አምፔር ያህል ነው የሚችለው። የድሮ ኒኬል ባትሪ ካላችሁ ጥቁሩን ሽቦ ላጥ አድርጋችሁ እዩት፤ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ከጠቆረ ሽቦውን ከነስዊቹ ቀይሩ።

ሪሲቨሩ ላይ የሚሰካ ካፓሲተርም ይሸጣል። የአፍታውን ዘጭ ማለት ይደግፋል፣ አልክድም። ግን ሕመሙን ሳይሆን ትኩሳቱን ነው የሚያበርደው። አንዴ ሰክታችሁ «ተስተካከለ» ካላችሁ ስዊቹ ከታች መበስበሱን ይቀጥላል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ሰርቮዎቹን እዩ። አንድ ኤይለሮን (ክንፉ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ መሪ) ላይ ሁለት ሰርቮ ካለ በትክክል ካልተናበቡ ቆመው እንኳ እርስ በርስ ይታገላሉ። ጆሯችሁን አስጠጉ፣ እንደ ንብ እዝዝ ይላሉ። አንዱን ከክንዱ አላቁት፤ ድምፁ ከጠፋ አገኛችሁት።

ባትሪ ገጣጥሞ የሚሰጥ ባለሙያ ወይስ ራስ መሥራት ለምትሉ፦ ሴሎቹን በነጥብ ብየዳ ማሽን የሚያያይዝ ሰው ካለ ለእሱ ስጡት። በቤት መበየጃ ሴሉ ላይ ሙቀት ስትይዙበት ውስጡን ትጎዱታላችሁ። ሲያስረክባችሁ ግን አውርዶ ሞልቶ የለካውን አቅም ቁጥሩን ጠይቁ፣ ዝም ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። ያንን ቁጥር ከነቀኑ ፕላስተር ላይ ጽፌ ባትሪው ላይ እለጥፋለሁ፤ በየጥቂት ወሩ በቻርጀሩ አውርጄ ስለካው ከዚያ ቁጥር 80 በመቶ በታች ከወረደ ከአውሮፕላኑ ይወጣና የጠረጴዛ መብራት ያበራል።