ቃል የሌለው የአእምሮ ፈተና ለሁሉም ልጅ እኩል ነውን?

ጥያቄ፦ የአንደኛ ክፍል መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ
ከተማሪዎቼ ገሚሶቹ ኬጂ የተማሩ ሲሆኑ፣ የቀሩት በቅርቡ ከወላጆቻቸው ጋር ከገጠር የመጡ፣ እርሳስ ዘንድሮ ገና የጨበጡ፣ አማርኛም ብዙ የማይሰሙ ናቸው። ትምህርት ቤታችን ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ለመለየት ባለ ቀለም የሬቨን ማትሪክስ የተባለውን፣ ከጥለት ላይ የጎደለውን ቁራጭ የሚያስመርጥ የሥዕል ፈተና ሊሰጥ አስቧል፤ ቋንቋ ስለሌለበት አያዳላም ይባላል። ለሙከራ ያስቀመጥኩት አንድ ልጅ ግን ጥለቱ የተቆረጠበትን ቦታ ትቶ፣ ከታች ካሉት ስድስት ቁራጮች ዓይኑን የሳበውን እየጠቆመ፣ በየምርጫው ቀና ብሎ ፊቴን ያነብ ነበር። ይኸው ልጅ ጎማው ከቆርኪ የሆነ፣ መሪው የሚታጠፍ የሽቦ መኪና በገዛ እጁ ሠርቷል። ውጤቱን እንዴት ልመነው?

መልስ 1፦ የሥነ ልቦና ምሩቅ
ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ከፈተና ላይ ቃል ቢነሣም ልማድ አብሮ አይነሣም። የአሜሪካ ጦር በ1917 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛ ለማያነቡ ምልምሎች ባዘጋጀው አርሚ ቤታ በተባለ ፈተና፣ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ እየታየ የጎደለውን ሙሉ ይባል ነበር፤ ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ስደተኛ ከየት አምጥቶ ይሞላዋል? ሬቨን በ1938 ያሳተመው ፈተና እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ስለማያሳይ ይሻላል፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለን ቅርጽ በረድፍና በዓምድ መከተል ራሱ በአብዛኛው ከትምህርት ቤት የሚገኝ ልምድ ነው። ተመራማሪው ጄምስ ፍሊን በ1987 እንዳሳየው፣ የኔዘርላንድስ የውትድርና ተመዝጋቢዎች በዚሁ ዓይነት ፈተና ያገኙት ውጤት ከ1952 እስከ 1982 ድረስ በአእምሮ ብቃት መለኪያ (አይኪው) 20 ነጥብ ያህል ጨምሯል። ተፈጥሮ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ስለማይለወጥ፣ ጭማሪውን ያመጡት ኑሮና ትምህርት መሆን አለባቸው።

መልስ 2፦ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ሰበታ
የተባለውን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ፈተናው ጨርሶ ይቅር ወደሚል አሳብ እንዳንሄድ እፈራለሁ። በአማርኛ እየጠየቅን ብንለይ ኖሮ፣ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሀዲይኛ የሚናገረውና መስማት የተሳነው ልጅ አስቀድመው ይወድቁ ነበር። ከፍተኛ ውጤት ችሎታው መኖሩን ይነግረናል፤ ዝቅተኛው ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ልጆቻችንን ከእንግሊዝ ልጆች ውጤት በተሠራ ሰንጠረዥ ደረጃ መስጠት አይገባም፤ ማወዳደር የግድ ከሆነ ኬጂ ያልገባውን ካልገባው ጋር ነው።

መልስ 3፦ ጡረተኛ መምህር፣ ኮተቤ
የሽቦ መኪናውን ነገር በዋዛ አይለፉት። ሮበርት ሰርፔል በ1979 ባሳተመው ጥናት ልጆች ቅርጽ እንዲቀዱ ሲጠየቁ፣ የእንግሊዞቹ በእርሳስ፣ የዛምቢያዎቹ በሽቦ በልጠው ሲገኙ፣ በጭቃ ግን እኩል ሆነዋል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ዳቪድ ጹሪኤል ከባልደረባው ጋር በ1999 ያሳተመው ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በዚሁ ባለ ቀለም ማትሪክስ ከዚያው ተወላጆች ዝቅ ብለው ቢጀምሩም፣ አጭርና የተጠናከረ ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ ልዩነቱ ጠብቧል።

ስለዚህ የነጠላ ጥለት በወረቀት ቀድተው፣ ጥጉን ቆርጠው፣ ልጆቹ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ የትኛው እንደሚገጥምና ለምን እንደሚገጥም እየጠየቁ ያለማምዷቸው፤ ከዚያ ፈትነው፣ አስተምረው፣ መልሰው ይፈትኑ፤ ያሳዩትንም መሻሻል ይመዝግቡ። ፊትዎን ለሚያነበው ልጅ ከጎኑ ይቀመጡለት። ዓይንና ጆሮው ሳይመረመር ግን ማንንም ወደ ልዩ ክፍል አይላኩ።

የጠያቂዋ ምላሽ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ርዕሰ መምህሩን እጠይቃለሁ፤ ኦሮምኛ የምትችለው ባልደረባዬም አብራኝ ትቀመጣለች። ለሀዲይኛ ተናጋሪዎቹ ግን እስካሁን ሰው አላገኘሁም።