የቆሮሶ ሴረም ባክቴሪያውን የሚገድለው በየትኛው ፕሮቲን እንደሆነ መለየት አቃተኝ

ለመመረቂያ ጥናቴ በኩሬ ከሚረቡ የቆሮሶ ዓሦች ደም ሴረም (ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ) ለይቼ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለውን ባክቴሪያ የመግደል አቅሙን እየለካሁ ስለሆነ፣ ልምዱ ያላችሁ ባለሙያዎች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የባክቴሪያን ግድግዳ የሚሰብረውን ላይሶዛይም የተባለ ፕሮቲን የለካሁት በተለመደው መንገድ፣ ማይክሮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ብጥብጥ ሴረም ሲጨመርበት በ450 ናኖሜትር ምን ያህል እንደሚጠራ በማየት ነው፤ ድፍርሱ ዓይኔ እያየ ይጠራል። ኤሮሞናስ ግን ግራም ኔጋቲቭ በመሆኑ፣ ላይሶዛይም የሚሰብረው ግድግዳ በውጫዊ ሽፋን ተከልሎለታል። ስለዚህ ሽፋኑን የሚበሳው ኮምፕሊመንት የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ነው ብዬ ገመትኩና፣ እሱን ለማምከን ሴረሙን በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ አሞቅሁት። የመግደል አቅሙም ጠፋ፤ ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላም። ይህ ለሰው ሴረም የተለመደው ሙቀት ሲሆን፣ የዓሣ ኮምፕሊመንት ከዚያ ባነሰ ሙቀት እንደሚመክን ዘግይቼ ተረዳሁ፤ ምናልባት ሌሎች ፕሮቲኖችንም አብሬ አበላሽቼ ይሆናል።

ለቆሮሶ ሴረም ስንት ዲግሪና ስንት ደቂቃ ትጠቀማላችሁ? በሙቀት ፋንታ፣ ኮምፕሊመንት የሚያስፈልገውን ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚይዘውን ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ብጨምር፣ ኢዲቲኤው ራሱ የባክቴሪያውን ውጫዊ ሽፋን አላልቶ ለላይሶዛይም በር አይከፍትም ወይ? በማይነስ 80 ዲግሪ ያስቀመጥኩት ሴረም ከ3 ሚሊ ሊትር ስለማይበልጥ፣ ደጋግሞ ለመሞከር አይበቃኝም።