ጄሮኒሞ ለምን ሜክሲኮ አልቀረም?

ሹፌሩ፦
ሰላም ወገኖች። አሪዞና ውስጥ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ባለፈው ከዳግላስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስሄድ፣ 80 ቁጥር መንገድ ላይ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። አጠገቤ የድንጋይ ሐውልት አለ። የአፓቼ፣ ማለትም የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ ተዋጊው ጄሮኒሞ በ1886 እ.ኤ.አ. እዚህ አካባቢ እጁን ሰጠ ይላል። ድንበሩ እዚያው ነው እኮ! ለምን ተሻግሮ አልቀረም?

ሶኖራ፦
ወንድሜ፣ ተሻግሮማ ነበር። ግን ሜክሲኮ ምን መሸሸጊያ ነበረች? የሜክሲኮዋ የሶኖራ ግዛት ከ1835 ጀምሮ ለአፓቼ የራስ ቆዳ፣ ከነፀጉሩ፣ ገንዘብ ትከፍል ነበር። እናቱን፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የገደሉት የሜክሲኮ ወታደሮች ናቸው። በ1882 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት አንዱ በሌላው ምድር ገብቶ አፓቼን እንዲያሳድድ ተስማሙ። በቃ፣ መስመሩ ለሱ ዋጋ አጣ።

አዳማ ልጅ፦
ተራራ ላይ ድረስ ሄደው እጁን እንዲሰጥ ያግባቡትም አፓቼዎች ናቸው፤ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጦሩን መንገድ ሲመሩ የኖሩትም አብረው ታስረው በባቡር ወደ ፍሎሪዳ ተጫኑ።

ሹፌሩ፦
እነሱንም?! ሐውልቱ ላይ ይሄ የለም።

አዳማ ልጅ፦
ምን ይጻፍ ብለህ ነው! እስከ 1913 ድረስ እስረኛ ነበሩ።