በሐይቅ ዳር ፓርክ ያለ የቆየ የኮንሰርት መድረክ እድሳት፦ ሥራው ከየት ይጀመር?

መድረክ_ተቆርቋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፓርክ ውስጥ፣ ከሐይቁ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የሚገኝ የቆየ የኮንሰርት መድረክ ሊታደስ ነው። ከኋላው ግማሽ ጉልላት የሚመስል ስስ የአርማታ ቅርፊት አለው፤ ውፍረቱ 10 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። ከታች በኩል እየረገፈ የዛገ ፌሮ ወጥቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወለሉ ላይ ውሃ ይተኛል፣ የተመልካቹ የእንጨት አግዳሚዎች በስብሰዋል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም የጥንቱ ነው። የቀረበው ዕቅድ የረገፈውን በሲሚንቶ ለስኖ፣ ውሃ የማያስገባ ቀለም ቀብቶ፣ የድምፅ ማጉያዎቹን ቅርፊቱ ላይ ማንጠልጠል ነው። ይህ ያዋጣል?

አርማታ፦
አያዋጣም። ኮንክሪቱን የሚያረግፈው ውስጡ ያለው ፌሮ ነው። ብረት ሲዝግ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ላዩን ብቻ ብትለስኑት ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ስካፎልዲንግ ቆሞ ቅርፊቱ በሙሉ፣ ከውስጥም ከውጭም፣ በመዶሻ ይንኳኳ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው ባዶ ቃና ያሰማል። እሱ በጠመኔ ተከቦ ሥዕል ላይ ይስፈር። ቀጥሎ ከተለያየ ቦታ ትንሽ እየተፈለፈለ አዲስ በተሰበረው ፊት ላይ ወዲያውኑ 1 በመቶ የፌኖልፍታሊን ፈሳሽ ይረጭ። ወደ ደማቅ ሮዝ ከተለወጠ ኮንክሪቱ ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቅበት አልካሊነት አለው። ካልተለወጠ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ አልካሊነቱን ጨርሶታል። ያልተለወጠው ጥልቀት ፌሮው ድረስ ከዘለቀ፣ ዛሬ ደህና የሚመስለውም ቦታ ነገ ይረግፋል። የክሎራይድ ምርመራም አብሮ ይሠራ፤ ጨው የገባበት ኮንክሪት አንድ ቦታ ሲጠገን ከጥገናው ዙሪያ ያለው ፌሮ ይበልጥ ይዝጋል።

ጥገናው ላይ ዋናው ነገር የሚፈለፈለው ቦታ ጠርዝ ነው። በግራይንደር ወደ ውስጥ 1 ሳ.ሜ. ያህል ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ እየሳሳ የሚያልቅ ጠርዝ ቀድሞ ይላጣል። ግራይንደሩ ግን ፌሮውን እንዳይነካ። ከዛገው ፌሮ ጀርባ ያለው ኮንክሪት 2 ሳ.ሜ. ያህል ይፈልፈል፣ ለዚህም መሮ ወይም ትንሽ የኤሌክትሪክ መቆርቆሪያ ይበቃል። ከባድ ጃክሃመር ስሱን ቅርፊት ያሰነጥቀዋል። ቅርፊት የሚቆመው በቅርጹ ስለሆነ ሰፊ ቦታ በአንዴ አትክፈቱ፤ ከሥርም ድጋፍ ይግባለት። ፌሮው ብረቱ እስኪያበራ ይጽዳ፣ የሳሳውን መሐንዲስ አይቶ በአዲስ ያስደግፈው።

ማደሻው ከአሮጌው ኮንክሪት እጅግ የጠነከረ አይሁን። አሮጌው ፊት ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ይጠጣ፣ ሲለሰን ግን ላዩ ላይ የቆመ ውሃ አይታይበት። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያና በፕላስቲክ ይሸፈን። ብዙ ጥገና የሚሰነጠቀው ይህች ሳምንት ስለምትዘለል ነው። ቀለሙ ደግሞ ዝናብ እየመለሰ እንፋሎት የሚያሳልፍ ዓይነት ካልሆነ፣ ውስጥ የታፈነው እርጥበት አሳብጦ ይልጠዋል። አሮጌው ቀለም መርዛማው ብረት እርሳስ እንዳለበት ሳይመረመር በደረቁ አይፋቅ።

የድምፅ_ባለሙያ፦
ማጉያ ቅርፊቱ ላይ የሚለውን ሐሳብ ፈጽሞ ተዉት። ስስ ቅርፊት የራሱን ክብደት በመላ አካሉ አከፋፍሎ ይሸከማል እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ ለሚንጠለጠል ጭነት አልተሠራም። ከመሬት የሚነሱ፣ ለነፋስ በቂ ክብደት የተጫነባቸው ተነቃይ ማማዎች በሁለቱ ጎኖች ይቁሙ። ቅርሱም አይበሳም።

ጎድጓዳ ቅርፊት ድምፅን አንድ ቦታ ላይ ያከማቻል፤ ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ በደንብ የማይደማመጡት በዚህ የተነሳ ነው። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ያለው የአደባባይ ኮንሰርት ቦታ ሆሊውድ ቦውል ይህንኑ ችግር ለማቃለል በአርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ ንድፍ የካርቶን ቱቦዎች፣ በኋላም የፋይበርግላስ ኳሶች ተጠቅሟል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. የ1929ኙን ቅርፊት አፍርሶ በ2004 ሰፋ ያለ ሠራ። እናንተ ግን ቅርሱን ማቆየት ስለምትፈልጉ ድምፅ የሚበትኑ ተነቃይ ፓነሎች ከሙዚቀኞቹ ጀርባና አናት ይደረጉ። ስፖንጅ አትለጥፉ፤ ቅርፊቱ ወደ ተመልካቹ የሚልከውን ድምፅ ይውጠዋል። ልኬት ስትወስዱ፣ ተንጸባርቆ የሚደርሰው ድምፅ ከቀጥታው 17 ሜትር ያህል ከበለጠ 50 ሚሊሰከንድ ስለሚዘገይ ራሱን ችሎ እንደ ገደል ማሚቶ መሰማት ይጀምራል።

ውሃና_መስመር፦
ከሁሉ በፊት ውሃው ይውጣ። ከቅርፊቱ ጀርባ የተከማቸ አፈር ካለ ይነሳና ቦይ ይሠራለት። ወለሉ በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳ.ሜ. ተዳፋት ያስፈልገዋል።

የኤሌክትሪክ ቱቦዎች ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት ይቀበሩ፣ ጥቂት ባዶ ቱቦም ለወደፊቱ ይተው። የኃይልና የድምፅ ገመድ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ተራርቀው ይሂዱ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ። ማከፋፈያ ሳጥኑ ሐይቁ ደርሶበት ከሚያውቀው ከፍተኛ መጠን በላይ ይሰቀል፣ ሶኬቶቹ ሁሉ በ30 ሚሊአምፔር ልቅ ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑራቸው።

ዛፎቹን አትርሱ። ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ ርቀት ውስጥ ኤክስካቫተር አይግባ፣ እዚያ ውስጥ የግድ ከተቆፈረ በእጅ ነው። የሲሚንቶ እጣቢ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ) 12 ስለሚደርስ ዓሣ ይገድላል፤ ጠብታውም ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ማጠቢያው በፕላስቲክ የተነጠፈ ጉድጓድ ይሁን። የአግዳሚዎቹ እንጨት መሬት አይንካ፣ በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት ይኑር፣ ብሎኖቹም የማይዝጉ ይሁኑ።

መድረክ_ተቆርቋሪ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ቅርፊቱ እስካሁን ቀለም ያልተቀባ ቦታም አለው። ጥገናው እንደ እራፊ ጎልቶ እንዳይታይ ምን ይደረግ?

አርማታ፦
ከአሮጌው ኮንክሪት ናሙና ተወስዶ የአሸዋውና የጠጠሩ ቀለምና መጠን ይለይ። በዚያ መሠረት 50 በ50 ሳ.ሜ. የሆኑ የተለያየ ድብልቅ ናሙናዎች ሠርታችሁ 28 ቀን ካስቆያችሁ በኋላ፣ ደርቀውም ርሰውም እያሉ ከአሮጌው ጎን አስተያዩ። ገና እርጥብ እያለ የተመረጠ ቀለም ሲደርቅ ይነጣል። የቀድሞው ፎርምዎርክ (ኮንክሪቱ የፈሰሰበት የጣውላ ቅርጽ) የጣውላ መስመር ጥሎ ከሆነ ማደሻው ላይም በዚያው ስፋት ይሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ስለ ቅርስ እድሳት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ የተተካው ክፍል ከቀሪው ጋር እንዲስማማ፣ ግን ከዋናው እንዲለይ ይጠይቃል። ስለዚህ ከተመልካቹ ወንበር የማይለይ፣ ጠጋ ብሎ ላየው ግን የሚታወቅ ከሆነ ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ጥገና የት እንዳለም ሥዕሉ ላይ ይመዝገብ።